ጭጋግ የያዘው መስታወት

...እና ደግሞ መጋረጃ ብለው የሰቀሉት ጨርቅ ፀሐይዋን ካላገዳት ምኑን መጋረጃ ሆነ፣ ወንፊት በሉት እንጂ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ቀን እንዴት አድርጎ ይተኛ፣ ይህን ሕንፃ የሠሩት ሰዎች ፍጥረት ሁሉ ማታ ተኝቶ ጠዋት የሚነሳ መስሏቸው ነው። ከላይ ያለችው ሴትዮ ወንበር ትጎትታለች፣ ከታች በር ይላተማል፣ ማቀዝቀዣው በየመሃሉ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ እሱ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ትንሽ፣ እባክህ ትንሽ እያለ እንቅልፍን ይለማመጠዋል። አልጋው የሁለት ሰው ነው፣ አብረው ተኝተውበት ግን አያውቁም፤ ማታ ቀለም ቀቢው ይተኛበታል፣ ቀን እሱ። ጠዋት ሲገባ የቀለም ቀቢው ሙቀት ገና ከፍራሹ አልወጣም፣ ትራሱ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። በር ላይ ሲተላለፉ እሱ "ደህና ዋል" ይለዋል፣ ቀለም ቀቢው "ደህና እደር" ይለዋል፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ቆማ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበት ነበር። አሁን ማንም አይስቅም።

ዛሬ እንቅልፍ የነሳችው ግን ፀሐይዋ ብቻ አይደለችም፣ በሷ ማሳበብ ስለሚቀል ነው። ስልኩ ትራሱ ስር አለ፣ ሳይነዝር የነዘረ እየመሰለው ስንቴ አውጥቶ አየው። እናቱ አሁን ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የዓይን ሞራ ነው። መጀመሪያ ግራው ነበር፣ "ጉም ጉም ይለኛል" ስትለው "መነጽር ነው የሚያስፈልግሽ" ብሏት ረሳው፣ ከዚያ ቀኙ ተከተለ፣ አሁን ብርሃንን ከጨለማ ትለያለች፣ በሩን ከግድግዳው ትለያለች፣ ሰውን ግን በእርምጃው ነው የምታውቀው። ከሩቅ በዘመቻ የመጡ ሐኪሞች ሞራ በነጻ እያነሱ ነው። ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፣ ነገ የዛሬዎቹን ፋሻ ፈትተው ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ጠዋት ሚጡ ደወለች፣ ታናሽ እህቱ ናት፣ ካደገች ቆየች ግን ሚጡነቱ አለቀቃትም። "ጉድህን ስማ" አለችው፣ "ስሟ ሲጠራ አልነሳም አለች። ልጄ ሳይመጣ ዓይኔን አላስነካም፣ ሲበራልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ በላይ ከቆየ ዓይኑ ራሱ ይበላሻል፣ ያን ጊዜ ሞራው ቢነሳም ብርሃኑ አይመለስም ብሎኛል። መምጫህን ንገራት በቃ፣ ትግባ።" እሱ ምን አለ? "መልሼ እደውላለሁ" አለ። መልሶ አልደወለም። ተኛ፣ ማለትም ተጋደመ።

መምጫዬ። መምጫ ቢኖር ኖሮ። እዚህ ሰው አገር የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ ቁጥር ይሰጡሃል፣ ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ቁጥርህን እስኪያወጣ ተቀምጠህ የሰው ጫማ ትቆጥራለህ፣ ሲያወጣው መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታይህ "በሂደት ላይ ነው" ትልሃል፣ ሂደቱ የት ሄዶ የት እንደደረሰ አይነገርህም። ወረቀቱ ሳያልቅ ከወጣ መመለሻ የለውም፣ መመለሻ ከሌለው ደግሞ የቤቱ ምሰሶ ወደቀ ማለት ነው፣ ሚጡም ትምህርቷን እንደሱ ከግማሽ ትጥላለች። ይህን ጠዋት በር ላይ ለቀለም ቀቢው ነገረው። ቀለም ቀቢው ጫማውን እያሰረ "ዋሻት!" አለው። "ምን ታካብዳለህ? ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ በላት። ዓይኗ ይብራላትና በኋላ ትስደብህ፣ እያየች ትሰድብሃለች።" ደህና እደር ብሎት ወረደ። እውነቱን ነው። አንዲት ቃል ናት። ለምን እሷን ማለት እንዳቃተው ራሱም አልገባውም።

ሥራው ፋብሪካ ውስጥ መስታወት ማልበስ ነው። ለእናቱም እንዲሁ ነው የነገራት፣ "መስታወት አለብሳለሁ።" "ምን ታለብሰዋለህ?" "ልብስ ነዋ፣ ስስ ልብስ።" "ለመስታወት ልብስ! እነዚህ ሰዎችስ ጠግበዋል" ብላ እስክታለቅስ ሳቀች፣ ያን ጊዜ አንድ ዓይኗ ገና ያይ ነበር። ሰው ቆሞ የሚገባባት የብረት ሣጥን አለች፣ እነሱ የሚጠሯት ረጅም ስም አላት፣ እሱ ሆዳሟ ይላታል። መስታወቱን ያጎርሳታል፣ በሯን ይዘጋል፣ አየሯ ተመጥጦ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሥሯ የተቀመጠው ነገር ግሎ ይተንና እንፋሎቱ ሄዶ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ እንደ ጤዛ፣ ጤዛ ግን ይረግፋል ይሄ ይቀራል። ፀጉር ከሱ ጋር ሲተያይ ግንድ ነው። ያቺ ስስ ነገር ናት ፀሐይን ተቀብላ ኤሌክትሪክ የምታወጣው። ሴሚኮንዳክተር ይሏታል፣ ኤሌክትሪኩን እንደ ብረት ዝም ብላ አታሳልፍ፣ እንደ መስታወትም ጨርሳ አትከለክል፣ መሃል ቤት የቀረች። ይህን የፋብሪካው መሐንዲስ የነገረችው ዕለት "እንደኔ ናት በያ" አላት፣ እሷ ግን አልገባትም ወይም በሱ አነጋገር አልተሰማትም።

መሐንዲሷ መነጽሯ ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ ነው፣ ሁልጊዜም መነጽሯን ትፈልጋለች። አንድ ቀን ሁለት መስታወት አመጣችለት። አንዱ እንደ ረጋ ውሃ ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ አንዱ በጥፍሯ ጫር ስታደርገው እንደ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ተላጠ። "ልዩነታቸው ምንድነው?" "ያለበሳቸው ነገር" አላት። "የለም፣ ከአንድ ከረጢት የወጣ ነው። አነጣጠፉ ነው የለያቸው።" እያሳየችው፣ በእጇ ጭምር እያወራች፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጇ ሰማት፦ መስታወቱ ቀዝቃዛ ከሆነ እንፋሎቱ ያረፈበት ላይ ክው ብሎ ይቀራል፣ ቦታውን አይፈልግም፣ ጎረቤቱን አይጨብጥም፣ ስለዚህ ይላጣል። ሲሞቅ ግን ካረፈ በኋላም ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሚመቸውን ያገኛል፣ ካጠገቡ ካለው ጋር ይያያዛል። ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ያበጥና በመሃሉ ይሰነጠቃል። በጥድፊያ ከመጣ ይከመራል እንጂ አይነጠፍም። እና ሣጥኗ ውስጥ እርጥበት ከቀረ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከእንፋሎቱ ጋር ይጋባና ጭጋግ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩም መንገድ ያጣል። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ማታ ማታ መስታወት ሲደረድር ግን ከአንድ ከረጢት የወጣ የሚለው ነገር አልለቀው አለ። ያ ሌላኛው እሱ፣ ትምህርቱን ያልጣለው፣ እዚያው የቀረው፣ እናቱን ክንዷን ይዞ ሆስፒታል የወሰዳት እሱ፣ አለ የሆነ ቦታ፣ ከአንድ ከረጢት ነው የወጡት፣ ይሄኛው ብርድ ላይ አርፎ ያረፈበት ላይ ክው ብሎ ቀረ እንጂ።

ትናንትና ማታ ሥራ ላይ አንድ ጥፋት አጠፋ። ሣጥኗ ስትከፈት ቶሎ መዘጋት አለባት፣ ይህን በር ላይ በሥዕል ሳይቀር ለጥፈውታል፣ ምክንያቱም ብረት ይጠጣል። ደረቅ የሚመስለው ብረት ከአየር ላይ እርጥበቱን ይጠጣና ዝም ይላል፣ ቢዳስሱት ደረቅ ነው፣ ቢያዩት ደረቅ ነው። ውጭ ዝናብ ነበር፣ የፋብሪካው ትልቁ በር ተከፍቷል፣ እሱ ያለቁትን አውጥቶ አዲሶቹን ሊያጎርስ ሲል ስልኩ ነዘረ። ሚጡ ነበረች። "ነገ እንወስዳታለን፣ እሺ ብላለች፣ እስቲ አንተም በርቺ በላት።" እናቱ ስልኩን ተቀብላ በላህ ወይ ብላ ጀመረች፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማታል፣ ሆዳሟ ከኋላው አፏን ከፍታ ዝናቡን ትጠጣለች። ሲመለስ ቶሎ ቶሎ ቆሟል። ቶሎ ቶሎ አለቃው ነው፣ ስሙን ያወጣለት እሱ ነው፣ ሰውየው ሌላ ቃል ስለማያውቅ። "ዝጋ፣ ጀምር፣ ምን ትጠብቃለህ!" ግላ እርጥበቷን እስክትተፋ ባዶዋን መቆየት ነበረባት፣ አላቆያትም፣ ዘጋ፣ ጀመረ። መስታወቶቹ ሲወጡ ሁሉም አመድማ ሆነዋል። ከውስጥ የተነፈሱበት ይመስላል። በእጅጌው ጠረገው፣ የሞኝ ነገር፣ ጭጋጉ ላዩ ላይ መቼ ነበር፣ ራሱ ልብሱ ነው ጭጋግ የሆነው። መሐንዲሷ አንዱን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው፣ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ ደግማ አየችው። ጮኸችበት ቢባል ይሻለው ነበር። "በሩ ስንት ቆየ?" አለችው ብቻ። "ስልክ ነበር" አላት። ቶሎ ቶሎ አፉን ሊከፍት ሲል በእጇ ከለከለችው። ነገ ሣጥኗ ባዶዋን ስትግል ትውላለች፣ አንተ ቀደም ብለህ ትመጣለህ፣ ቀስ ብሎ የገባው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ አለችው። እሱ ግን እሷን እያየ አይደለም የነበረው፣ መስታወቱን ነው። ያንን መልክ ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ አይቶታል። ወደ ቤት ሲመጣ መኪናው ውስጥ ነው የመጣለት። ሚጡ በላከችው ፎቶ ላይ፣ የእናቱ ግራ ዓይን።

እና እዚህ ላይ ሲደርስ ይገላበጣል፣ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ያውቀዋል፣ ከዚያ ከሚደርስ የሴትዮዋን ወንበር መስማት ይሻላል። ነገሩ ይሄ ነው። ሁለቱም ዓይኗ የጠፋ ጊዜ አለቀሰ፣ የእውነቱን ነው፣ ቀለም ቀቢው ምስክር ነው። ካለቀሰ በኋላ ግን የሆነ ነገር ቀለል አለው። ከዚያ በፊት በምስል እንነጋገር ስትል ካሜራው ተበላሽቷል፣ ኔትወርኩ ከድቶኛል፣ ጨለማ ውስጥ ነኝ ይላት ነበር፣ ሲደብቃት ሲደብቃት ወር ሙሉ ሳይደውል የሚቀርበት ጊዜም ነበር። አሁን መደበቅ ቀረ። ወፈርኩ ይላታል፣ ጉንጬ ሞላ ይላታል፣ ክፍሌ ሰፊ ነው፣ መስኮቷ ወደ ዛፍ ነው። ልቡ ተከፍቶለት በየቀኑ ይደውላል። ማን ያየዋል? እንግዲህ እናቱ ታውራ ልቡ ያረፈ ልጅ ምን ይባላል፣ ስም አለው ይሄ? እመጣለሁ የምትለዋ ቃል አንደበቱ ላይ የደረቀችው እውነት ስለሚወድ መሆኑን በምን ያውቃል? ይልቅ ዓይኗ ባይበራ የሚል ሌላ ሰው ውስጡ ተቀምጦ ቢሆንስ፣ እንደ እርጥበቷ፣ ቢዳስሱት ደረቅ፣ ቢያዩት ደረቅ?

ነዘረ። አሁንስ የእውነቱን ነው።

"ተኝተህ ነበር?" አለች ሚጡ።

"አዎ።"

"ውሸታም። የተኛ ሰው ድምፅ አላውቅም እንዴ! ስማ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጠርተዋታል። ነርሷ ሦስተኛ የለም አለች። ከኋላችን የነበሩት ሁሉ ገብተው ወጥተዋል፣ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው ታሽጎ እየሳቁ ነው የወጡት፣ የኛዋ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና ቁጭ ብላለች።"

"ስጫት።"

"ምን ልትላት ነው?"

"ስጫት አልኩሽ።"

"መጣሁ በላት፣ ሞቼ እገኛለሁ። እጇን ይዤ ሽንት ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።"

ይህን ብላ ስልኩን ሰጠቻት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ። ከታች መንገድ ላይ የፋብሪካው መኪና ሲደርስ ሰማ፣ ዛሬ ቀደም ብሎ ነው የመጣው፣ ቀድሞ ና የተባለው እሱ ስለሆነ ነው፣ ሱሪውን በአንድ እጁ እየሳበ ተነሳ።

"አለህ?" አለች እናቱ።

"አለሁ እማ።"

"በላህ?"

"በላሁ። እማ፣ ሐኪሞቹ እየጠበቁሽ ነው።"

"ይጠብቁ! እኔስ አንተን እየጠበቅኩ አይደል?" ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል፣ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል። "መቼ ነው የምትመጣው?"

ይኸው። ቃሏ ተዘጋጅታለች፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ክረምቱ ሲወጣ እማ፣ ሚጡም አጠገቧ ሆና እየጠበቀች ነው፣ ታች ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ዝጋ፣ ጀምር፣ ምን ትጠብቃለህ። በጥድፊያ የተነጠፈውም የዛን ዕለት ያብረቀርቃል እኮ። ጥፍር እስኪነካው ነው።

"አልመጣም እማ።"

ሱሪውን ወደ ላይ ሳበ።

"ዘንድሮ አልመጣም። የሚመጣውንም ዓመት አላውቅም። ወረቀቴ አላለቀም፣ ከወጣሁ አያስገቡኝም።"

ሚጡ ከጎኗ "ምን አላት? ምን አልካት አንተ?" ስትል ይሰማዋል። ቃሉን ወደ አፉ ሊመልሰው ፈለገ፣ ዓይኗን እኔ አጠፋሁት ብሎ አሰበ፣ በእጄ።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች እናቱ።

"ታውቂያለሽ?"

"የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አለ። የሚመጣ ሰው ምን ላምጣልሽ ይላል። አንተ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

እውነትም ጠይቋት አያውቅም። ሱሪውን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ታዲያ ካወቅሽ ለምንድነው አልገባም የምትዪው?"

"ሚጡ፣ ሂጂ ውሃ አምጪልኝ" አለች፣ እግሯ እስኪርቅ ጠበቀች፣ ከዚያ አፏን ወደ ስልኩ አስጠግታ በሹክሹክታ፣ እንደ ልጅ፣ "ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለህ" አለችው። "በፊት እኮ ወር ሙሉ ትጠፋብኝ ነበር። አሁን በራላት ሲሉህ፣ እሷማ ደህና ናት ብለህ ትተወኛለህ። ዓይኔ በርቶ ስልኩ ዝም ካለ ምን አየሁበት?"

ጥሩንባው ድጋሚ ጮኸ። እሱ አልሰማውም። የሚያለቅስ መሰለው፣ ግን የወጣው ሌላ ነው።

"እኔም ፈርቼ ነበር" አላት።

"ምን አስፈራህ?"

"ከበራልሽ ታዪኛለሽ ብዬ።"

አሰበችበት። ስታስብ አፍንጫዋ ያፏጫል፣ ከልጅነቱ ያውቀዋል። "ከስተሃል?"

"ከስቻለሁ።"

"በጣም?"

"በጣም እማ። ክፍሉም ሰፊ አይደለም። ዛፍም የለ።"

"ጥርስህስ?"

"አለ።"

"ሁሉም?"

"አንዱ የለም። የፊተኛው።"

"እሰይ" አለች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየም፣ "በአንድ ጥርስ ነው እንዴ ስትደበቀኝ የኖርከው! እኔ እኮ ስንቱ ወልቆብኛል፣ ተደብቄህ አውቃለሁ?" ከዚያ ድምጿን አነሳች። "ሚጡ! ነይ ምስሉን አብሪው።"

"አይታይሽም እኮ እማ።"

"እኔ ባላይ አንተ እየኝ! አብራው።"

አበራው። የራሱን ፊት በጥጉ በትንሿ ሣጥን ውስጥ አየና ዞር ሊል ሲል ተወው። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ታየ፣ ከዚያ የሚጡ አገጭ፣ ከዚያ እናቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልትለጥፈው እንደሆነ ሁሉ ወደ ፊቷ ጎተተችውና ስክሪኑ በአንድ ዓይን ሞላ። ግራው ነው። አመድማ፣ ከውስጥ የተነፈሱበት የሚመስል። እጅጌውን ሳያስበው አነሳ፣ ስክሪኑን ሊጠርግ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ነው የገባው፣ እሱ "መነጽር ነው" ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ነገር ሲያወራ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይፈልገዋል። ሊደበቅ አልቻለም። መደበቅም አልፈለገም።

"አየኸኝ?"

"አየሁሽ።"

"አርጅቻለሁ?"

"ትንሽ።"

"እግዜር ይይልህ፣ ትንሽ ይላል ደግሞ!"

የነርሷ ድምፅ መጣ፣ ስሟን ጠራች፣ የተሰላቸ ድምፅ ነው። ሦስተኛ የለም ያለችው ለማስፈራራት ነበር ማለት ነው። ታች ሹፌሩ ጥሩንባውን ተጭኖ አልለቀው አለ፣ ከላይ ያለችው ሴትዮ መስኮቷን ከፍታ ትሰድበዋለች፣ በእሱ የተነሳ፣ እና ሆዳሟ ባዶዋን ስትግል ውላ ይሄን ጊዜ የጠጣችውን ተፍታ ይሆናል ወይም ገና ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

"ነገ ፋሻውን ሲፈቱልሽ እደውላለሁ" አላት። "በምስል።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ከነገ ወዲያም።"

"ማልልኝ።"

"አልምልም እማ። ስደውል ታዪዋለሽ።"

አፍንጫዋ አፏጨ። ከዚያ "እጄን ያዢኝ" ስትል ሰማ፣ ለሱ አይደለም፣ ለሚጡ ነው። ዓይኗ ከስክሪኑ ራቀ፣ ግንባሯ መጣ፣ ሻሿ መጣ፣ ስልኩ በሚጡ እጅ ተንጠልጥሎ አግዳሚውን፣ መሬቱን፣ የሰው እግር ሁሉ አሳየው። "ሂድ በል፣ የሚጮኸው መኪና ያንተ ነው፣ ሰው አታስጠብቅ" አለች እናቱ ከላይ ከሆነ ቦታ፣ "እኔም ልግባ።" በአንድ እጁ ሸሚዙን እየቆለፈ ደረጃው አፍ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አላነሳም፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ አንዱ እየመራ አንዱ መሬቱን እየዳሰሰ፣ ነጭ በር ውስጥ እስኪገቡ አየ። በሩ ተዘጋ። እሱም ስልኩን ዘግቶ ወረደ።